ሐምሌ ላይ ሳይሆን የካቲት ላይ ሂጂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ድሬ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ምክር ቤቱ የዓመቱን በጀት አጸደቀ ሲባል እሰማለሁ። ተከራይቼ ለምኖር ለእኔ ከዚያ ሁሉ ብር የሚደርሰኝ ምንድን ነው? ስብሰባ ሲጠሩስ መሄዴ ምን ይጠቅማል?» ነው ያልሽው። እኔ ሰባት ዓመት የሰፈራችን የልማት ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ያየሁትን ልንገርሽ። ሊረዝም ነውና ታገሺኝ።

ከመንገዳችን ልጀምር። ሰፈራችን በመጋላ በኩል ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ ብዙ አይርቅም። መንገዱ ድሮ አፈር ነበር። ኮብልስቶን ይነጠፍልን ብለን ስንጠይቅ «ነዋሪው ድርሻውን ካዋጣ ቀሪውን ከተማው ይሸፍናል» ተባልን። እሺ አልን። ደረሰኝ ይዤ በየበሩ ዞርኩ። ጀበና ቡና የምትሸጥ ጎረቤቴ በአንዴ መክፈል አቅቷት ሦስት ጊዜ ከፋፍላ ነው የጨረሰችው። መንገዱ ተነጠፈ። ቡና አፍልተን፣ ፈንዲሻ በትነን አስመረቅን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን ሕይወቴ የተለወጠ ነበር የመሰለኝ።

አንድ ነገር ግን ማናችንም አላሰብንም። ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከሥሩ ገረጋንቲና አሸዋ ይሞላል። መንገዱ ከፍ ይላል። የቤቶቻችን ደፍ ዝቅ ብሎ ቀረ። የውሃ መውረጃ ቦይ ደግሞ አልተሠራም። ለምን ብለን ሥራውን የያዘውን መሥሪያ ቤት ስንጠይቅ «ቦዩ የሚያዘው በሌላ የበጀት ርዕስ ነው፤ ዘንድሮ አልተያዘለትም» አሉን። ወረቀቱ ላይ መንገድና ቦይ ሁለት ነገር ናቸው። ደጃፍሽ ላይ ግን አንድ ናቸው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አንድ ምሽት ኃይለኛ ዝናብ መጣ። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደየቤቱ ገባ። ከሁሉም የባሰው ከእኛ ሁለት በር ወረድ ብለው የሚኖሩ አንዲት እማማ ቤት ነበር። የሰፈሩ ልጆች በባልዲና በጆግ ሲቀዱ አመሹ። ፍራሻቸው፣ የዱቄት ጆንያቸው፣ ሁሉም ራሰ። በማግስቱ ልጠይቃቸው ስሄድ እማማ ወረቀቶቻቸውን ከሳጥን አውጥተው ፀሐይ ላይ አስጥተዋል። መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የልጃቸው ሰርተፊኬት። ከመካከላቸው የኮብልስቶኑ መዋጮ ደረሰኝ አለ። ቀለሙ ለቆ ሰማያዊ ሆኗል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። እሳቸው ምንም አላሉኝም። «ቁጭ በል፣ ቡና ላፍላልህ» ብቻ ነው ያሉኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በጀት የሚባለውን ነገር በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ።

አዲስ ነሽና ይህን ልጨምርልሽ። የድሬ ሰው ጎርፍ ሲባል ፊቱ የሚለዋወጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ደቻቱን አብዛኛውን ጊዜ የምታዪው ደረቅ አሸዋ ሆኖ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሰው አቋርጦት ከመጋላ ወደ ከዚራ ይሻገራል። ሐምሌ 29 ለ30፣ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ሞልቶ ሰውን በተኛበት ወሰደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። የእኛ ጎርፍ ከተማው ላይ ሳይዘንብም ይመጣል። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። በደንገጎ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር እኛ ታች ሆነን ልጆቻችንን ከአሸዋው እንጠራለን። ስለዚህ እዚህ ከተማ የቦይ በጀት እንደ ሌላው ተራ ነገር የሚታይ አይደለም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ድሬዳዋ ክልል ውስጥ አይደለችም። በቻርተር የምትተዳደር፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ ናት፤ አዋጁ ቁጥር 416/1996 ነው። በጀቷን የሚያጸድቀው የራሷ ምክር ቤት ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከከተማው የራስ ገቢና ከፌዴራል ድጎማ ነው። በብድርና በዕርዳታ የሚሠሩ ፕሮጀክቶችም አሉ። የራስ ገቢ ሲባል ግብር፣ የንግድ ፈቃድ፣ ሊዝ፣ የቦታ ኪራይ፣ ጣሪያና ግድግዳ የሚባለው የቤት ግብር ነው። ተከራይ ነኝ፣ አይመለከተኝም እንዳትዪ። አከራይሽ ላይ ጣሪያና ግድግዳ ሲጨመር ከኪራይሽ ላይ ነው የሚያካክሰው። ከጉሊት የምትገዢው ቲማቲም ውስጥም የቦታ ኪራይ አለበት። እየከፈልሽ ነው።

ወጪው ደግሞ በሁለት ይከፈላል። ካፒታል የሚባለው አዲስ ለሚሠራ ነገር ነው፤ መንገድ፣ ድልድይ፣ ትምህርት ቤት፣ የውሃ ጉድጓድ። መደበኛ የሚባለው ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ነው። የልጅሽ አስተማሪ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ የሚከፈላቸው ከዚያ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ካፒታሉ ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየውም እሱ ነው። እኔ ግን ለዕለት ኑሮሽ ሥራ ማስኬጃ የምትባለዋን ቁጥር ተከታተያት እላለሁ። ገቢው እንደታሰበው ሳይሆን ሲቀር ደመወዝ አይነካም። የተጀመረ ፕሮጀክት ውል አለው። ቀድማ የምትቀነሰው ሥራ ማስኬጃ ናት። የመንገድ መብራቱ አምፖል፣ የቆሻሻ መኪናው ነዳጅ፣ የቦዩ ጠረጋ፣ ሁሉም ያሉት እዚያች ውስጥ ነው። አምፖል ተቃጥሎ ስድስት ወር ሲጨልምብሽ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የአንድ ሰው ስንፍና ሳይሆን የተቀነሰች መሥመር ናት።

ወደ ቦያችን ልመለስ። እማማ ቤት ውሃ ከገባ በኋላ ተናደን፣ ተሰብስበን ቢሮ ሄድን። ጊዜው በጀት የጸደቀ ሰሞን ነበር። በደንብ ጮኽን። አንድ ወጣት ባለሙያ እስክንጨርስ ሰማንና እኔን ለብቻዬ ጠርቶ እንዲህ አለኝ፦ «አቦ፣ አባቴ፣ ሁሉም ሰው የሚመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ብሩ ስም ወጥቶለታል። እኛ ዕቅድ የምንሰበስበው የካቲት ላይ ነው። ያኔ ግን አንድ ሰው አይመጣም።» ያን ልጅ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከዚያ በፊት፣ በጋው ላይ፣ ለየመሥሪያ ቤቱ የበጀት ጥሪ ይደረጋል። ጣሪያ ይሰጣቸዋል፤ ከዚህ በላይ አትጠይቁ ማለት ነው። እነሱም ጥያቄያቸውን አዘጋጅተው የበጀት ስሚ በሚባለው፣ ጥያቄያቸው በሚሰማበት መድረክ ላይ ይከራከራሉ። ምክር ቤቱ ፊት ሲቀርብ ተለቅሞ ያለቀ ሰነድ ነው። አባላቱ ይጠይቃሉ፣ ይወያያሉ፤ ግን የአንድ ሰፈር ቦይ እዚያ ላይ አይጨመርም። መጨመር የነበረበት ከአምስት ወር በፊት ነው።

በቀጣዩ የካቲት ተዘጋጅተን ሄድን። ሜትር ገዝተን ቦይ የሚያስፈልገውን ርዝመት ለካን። 140 ሜትር ሆነ። ውሃ የገባባቸውን ቤቶች ቆጠርን፣ 11 ነበሩ። በስልክ ያነሳነውን ፎቶ አሳተምን። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን፣ ቀበሌው ማኅተም አደረገበት። መዝገብ ቤት አስገብተን ቁጥር ተቀበልን። ያችን ቁጥር ይዤ በየሦስት ሳምንቱ እመላለስ ነበር። ስድብ የለ፣ ጩኸት የለ። «የመዝገብ ቁጥራችን ይህ ነው፣ የት ደረሰ?» ብቻ። በዓመቱ ጥር ላይ ቆፋሪዎቹ መጡ። አሁን ቦዩ አለ።

ግን አላለቀም። ቦዩ ተሠርቶ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ደፈነ። አንድ ቀን ክዳኑን በዲጅኖ አንስተን አየነው። አሸዋ፣ ፌስታል፣ የሃይላንድ ላስቲክ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገራባ። ከሰዓት የተቃመው ጫት ቅጠል ሁሉ እዚያ ገብቶ፣ ረግቶ፣ እንደ ጭቃ ጡብ ሆኗል። የእኛም ጥፋት አለበት፤ ማን እንደጣለው እናውቃለን። ነገር ግን የሚጠርግ ሰው አልተመደበለትም። ለመሥሪያው ብር ስንጠይቅ ለመጥረጊያው መጠየቅ ረሳን። በኋላ ያጸዱልን በከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ችግረኞች ለከተማው ሠርተው ክፍያ በሚያገኙበት ፕሮግራም፣ የታቀፉ ሰዎች ናቸው። ድሬ ሴፍቲኔቱ መጀመሪያ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት። ከሰፈራችን ሁለት እናቶች በዚያ ሥራ ገብተው ነበር፤ እነሱ ገቢ አገኙ፣ እኛም ቦያችን ተከፈተ። አንድ ብር ሁለት ቤት ሲደርስ በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። የእነሱ ሥራ ሲቆም ደግሞ ተራ አውጥተን ራሳችን እንጠርጋለን፣ በተለይ ከሚያዝያ ዝናብ በፊት።

ስለ ስብሰባው፦ ሂጂ። የሚጠራው በሥራ ሰዓት ስለሆነ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ካልቻልሽ ከግቢሽ አንድ ሰው ይሂድ። የቀበሌ መታወቂያሽን እዚህ ካላዛወርሽ አዛውሪ፤ መዝገብ ላይ ከሌለሽ ጥሪውም አይደርስሽም። የበጀት ሠንጠረዥ ሲለጠፍ ቆመሽ አንብቢው፤ ካልተለጠፈ «የት ነው?» በይ፤ መጠየቅ መብትሽ ነው። ዕድል ሲሰጥሽ ሁሉንም ችግር አትደርድሪ። «ይህ መንገድ ሲሠራ ቦዩ አብሮ ተይዟል ወይ? ከተሠራ በኋላ ጥገናው ከማን በጀት ነው?» ብለሽ ቁጭ በይ። መድረኩ ላይ ያሉት እርስ በርስ መተያየት ከጀመሩ ገብቷቸዋል ማለት ነው። እኔ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ኮብልስቶኑ ሳይነጠፍ ባውቃቸው ኖሮ የእማማ ፍራሽ ባልራሰ ነበር።

ሰኔ ላይ ደግሞ ዓይንሽን ክፈቺ። ዓመቱ ሲዘጋ ያልተሠራበት ብር ተመላሽ ስለሚሆን ብዙ ነገር በጥድፊያ ይሠራል። ሰፈርሽ ውስጥ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት የሚሞላ ሲሚንቶ ካየሽ ፎቶ አንሺው፣ ቀኑንም ጻፊ። በኋላ ሲሰነጠቅ ያችን ፎቶ ይዘሽ ነው የምትከራከሪው።

ስለ ውሃ መሥመርም ጠይቀሽ ነበር፤ እሱን እኔ አልሠራሁበትም፤ ይህን ከሚያነቡት መካከል ውሃና ፍሳሽ ላይ የሠሩ ወንድሞችና እህቶች አሉ፣ እነሱ ይመልሱልሽ።

ሰፈርሽ የት እንደሆነ አልጻፍሽም። ለገሃሬም ይሁን ሳቢያን፣ የካቲት ላይ የሚለካ ነገር ካላችሁ የኮሚቴያችን ሜትር እኔ ጋ ነው ያለው። ባለ 50 ሜትር ነው። መጠቅለያው ትንሽ ላልቷል እንጂ ይሠራል። መልእክት ላኪልኝ፣ አውስሻለሁ።