የአንድ ዓመት ሥራ፣ 8 ሰዓት

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ከምህንድስና ትምህርት የተመረቃችሁ ብዙዎቻችሁ የምታነሡልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ጋሼ፣ ሥራ የት ብጀምር ይሻለኛል?» ትላላችሁ። ብዙ ማሽን የቆመበት፣ ሰፊ ሳይት ያለው፣ ረጅም ሕንፃ የሚነሣበት ቦታ የት ነው ማለታችሁ እንደሆነ ይገባኛል። አልፈርድባችሁም፤ በእናንተ ዕድሜ እኔም የምመኘው ያንኑ ነበር። አርባ ዓመት ያህል ድልድይና ሕንፃ ስሠራ ከኖርኩ በኋላ ግን መልሴ ሌላ ሆኗል። ጠባብ ቦታ ፈልጉ። ስሕተት የሚደበቅበት ትርፍ መሬት የሌለበት ቦታ ሂዱ።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ ለንግሥ ወደ ጣና ቂርቆስ ይዞኝ ሄደ። በትውፊት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ ዘመን ያረፈችባት ደሴት ናት፤ ከውኃው ቀጥ ብላ የወጣች ገደል። ሰው ሁሉ ሲጸልይ እኔ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ቀና ብዬ እያየሁ «ይህን ሁሉ እንጨት እዚህ ማን አወጣው?» ብዬ ጠየቅሁ። አባቴ «በታንኳ ነዋ፣ አንድ በአንድ» አለኝ። መሐንዲስ የሆንኩት ያን ቀን ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ በአለት ደሴት ላይ ስለቆሙ ሕንፃዎች የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር ሳላነብ አላለፍኩም። የማጫውታችሁም ከዚያ ያጠራቀምኩትን ነው። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በፈረንሳይ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ብረታኝ በሚባለው አገር፣ ከሴን ደሴት ባሻገር አር-መን የሚባል አለት አለ። ስሙ በአገሬው ቋንቋ «አለቱ» ማለት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ባሕሩ በጣም ሲጎድል ብቻ ጀርባው ይታያል፤ ያኔም ማዕበል ይረግጠዋል። መርከቦች እየተላተሙበት ስለጠፉ እዚያ ላይ የመብራት ማማ እንዲቆም ተወሰነ። አለቱን መብሳት የጀመሩት የሴን ደሴት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ወገባቸው ላይ የቡሽ መቀነት ታጥቀው፣ በደረታቸው ተኝተው፣ በአንድ እጅ አለቱን ጨብጠው በሌላው መሮውን እየያዙ ይበሱ ነበር። ማዕበል ጠርጎ የወሰደውን ጀልባዋ ትለቅመዋለች፤ ተመልሶ ይበሳል። በ1867 ዓመቱን ሙሉ ጠብቀው አለቱ ላይ መውረድ የቻሉት 7 ጊዜ ነው። የሠሩት ሰዓት ቢደመር 8 ሰዓት፣ የበሱት ቀዳዳ 15። በቀጣዩ ዓመት 16 ጊዜ ወረዱ፣ 18 ሰዓት ሠሩ፣ 40 ቀዳዳ ጨመሩ። በቀዳዳዎቹ ብረት ተተከለ፣ በብረቱ ዙሪያ ግንቡ ተያዘ። መብራቱ የበራው በ1881 ነው።

ስምንት ሰዓት! እናንተ አንድ ቀን የምትሠሩትን ያህል። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ያን ዓመት ከስምንቱ ሰዓት ውጭ ያሉት ሰዎች ሥራ ፈት አልነበሩም። ሰማይ ሲያዩ፣ ንፋስ ሲለኩ፣ መሣሪያ ሲስሉ፣ ጀልባ ሲያዘጋጁ፣ ባሕሩ ዛሬ ይፈቅድ እንደሆነ ሲጠባበቁ ከረሙ። ሰዓቷ ስትመጣ ማን የትኛውን መሮ እንደሚይዝ የሚጠያየቁበት ጊዜ አልነበራቸውም። እናንተ በየሳምንቱ የሥራ ክንውን በመቶኛ ስትጠየቁ የምትጨነቁ ልጆች ናችሁ፤ ጭንቀቱን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ለአንድ ሰዓት ሥራ ወር ሙሉ መዘጋጀት ሥራ መሆኑን አለቃችሁ ባያውቅ እናንተ እወቁት፣ አስረዱትም።

እናቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። ይህን ተረት በድንጋይ የሠራው ሰው ሮበርት ስቲቨንሰን ይባላል። ከስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቤል ሮክ የሚባለው አለት አለ። ባሕሩ በሞላ ቁጥር አለቱ ሙሉ በሙሉ ይሰጥማል፤ ሲጎድል ለጥቂት ሰዓት ብቅ ይላል። በ1804 ዮርክ የተባለው የጦር መርከብ ከነሠራተኞቹ በዚያ አካባቢ ከጠፋ በኋላ ነው መንግሥት የነቃው። ሥራው በ1807 ተጀመረ። ድንጋዩ የሚጠረበው አርብሮዝ በምትባለው የወደብ ከተማ ነበር። እያንዳንዱ የድንጋይ ረድፍ መጀመሪያ እዚያው ግቢ ውስጥ ተደርድሮ ይታያል፤ ድንጋይ ከድንጋይ መግጠሙ ይረጋገጣል፣ ቁጥር ይጻፍበታል፣ ከዚያ ይፈታና በመርከብ ይጫናል። ባሕር ላይ «ይህ አልገባም» ማለት የለም። ከ2,800 በላይ ድንጋይ እንዲህ ተሠርቶ፣ 35 ሜትር ማማ ሆኖ በየካቲት 1811 መጀመሪያ በራ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም በዚያው ግንብ ላይ ቆሟል።

ከዚህ ሥራ ሁሉ ግን አንድ ቀን አይረሳኝም። መስከረም 2 ቀን 1807 ነው። ሰዎቹ አለቱ ላይ እየሠሩ ሳለ ያመጣቻቸው መርከብ ከታሰረችበት ተፈታ፤ ንፋስና ማዕበል ይዟት ሄደ። አለቱ ላይ 32 ሰዎች ቀሩ። የቀሯቸው ሁለት ትንንሽ ጀልባዎች ሁሉንም አይችሉም። ውኃው እየሞላ ነው። ሰዎቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው፣ ምንም ሳይናገሩ አለቃቸውን ያዩታል። ስቲቨንሰን ሊናገር ሲል አፉ ደርቆ ቃል አልወጣ አለው። አለቱ ላይ ካቆረ ውኃ ጎንበስ ብሎ አፉን አርሶ ቀና ሲል «ጀልባ! ጀልባ!» የሚል ጩኸት ሰማ። ደብዳቤ ሊያደርስ የመጣ የአርብሮዝ መርከብ መሪ፣ ጄምስ ስፒንክ የተባለ፣ በአጋጣሚ ደረሰላቸው።

የግንባታ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በከፍታና በስፋት ይነገራል። እኔ ግን ይህን ቀን ደጋግሜ የማስበው በሰው ነፍስ ላይ አለቃ መሆን ምን እንደሆነ ስለሚያሳየኝ ነው። በዚያ አለት ላይ መጀመሪያ የቆመውም ማማው አይደለም። ባሕር ቢሞላባቸው የሚወጡበት፣ በእንጨት እግሮች የቆመ መጠለያ ነው። ልጆቼ፣ ሳይት ስትገቡ ድሮይንጉን ከመግለጣችሁ በፊት ጀልባውን ቁጠሩ። ጉድጓድ ውስጥ ስንት ሰው አለ? መሰላሉ ስንት ነው? ግድግዳው ቢናድ በየት ይወጣሉ? ይህን ሳትጠይቁ ያለፋችሁበት ቀን በሰላም ቢያልፍም እናንተ ሥራችሁን አልሠራችሁም።

በአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ስኬሊግ ማይክል የሚባለውን ደሴት የሠሩት መነኮሳት ደግሞ መሐንዲስ አልነበራቸውም። ከባሕር 218 ሜትር ሽቅብ የወጣ ስለታም ድንጋይ ነው። ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ፣ ድንጋይ በድንጋይ እየደረደሩ የንብ ቀፎ የመሰሉ ጎጆዎች ሠሩ። ጎጆዎቹን የሚያስቀምጡበት ሜዳ ስላልነበረ በገደሉ ጫፍ ላይ የድጋፍ ግንብ ገንብተው ሜዳውን ራሱን ፈጠሩ። የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅሙበትም ጉድጓድ አበጁ። ከሺህ ዓመት በላይ የባሕር ንፋስ መታቸው፤ ጎጆዎቹ ግን ዛሬም አሉ። የድጋፍ ግንብና የውኃ መውረጃ የመናቅ ልማድ ያለን ሁሉ እነዚህን ሰዎች ልናስብ ይገባል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። ከእንግሊዟ ፕሊመዝ ወደብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ኤዲስተን የሚባሉ አለቶች አሉ። በዚያ ቦታ ላይ አራት ማማዎች በተከታታይ ቆመዋል። የመጀመሪያውን ያቆመው ሄንሪ ዊንስታንሊ ነው፤ በ1698 አበራው። በኅዳር 1703 እንግሊዝን ያናወጠው ታላቁ አውሎ ነፋስ በሌሊት ሲመጣ ዊንስታንሊ ለጥገና እዚያው ማማው ውስጥ ነበር። ሲነጋ ማማውም ሰውየውም የሉም። ሁለተኛውን የሠራው ጆን ራድየርድ የሐር ነጋዴ ነበር። የመርከብ ሠሪዎችን ጥበብ ተከትሎ ልስልስ ያለ የእንጨት ማማ አቆመ፤ ማዕበሉ አላሸነፈውም። ያሸነፈው እሳት ነው። በታኅሣሥ 1755 ከላይ ከመብራቱ ክፍል ተነሥቶ በላው። ጠባቂው ሄንሪ ሆል የ94 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ቀና ብለው ውኃ ሲረጩ የቀለጠ እርሳስ ከጣሪያው ወርዶ ጉሮሯቸው ገባ። ሐኪሙን «እርሳስ ውጫለሁ» ቢሉት ለማመን ተቸገረ። ከቀናት በኋላ ሲሞቱ ከሆዳቸው 200 ግራም ያህል እርሳስ ወጣ፤ ዛሬ በስኮትላንድ ሙዚየም ተቀምጧል። እኚህ አዛውንት በባልዲ ውኃ ከእሳት ጋር የታገሉለት መብራት የማያውቋቸው መርከበኞች መብራት ነበር። ሳስባቸው ዛሬም ልቤ ይነካል።

ሦስተኛውን የሠራው ጆን ስሚተን ነው። እኔ የማከብረው እንዴት እንደጀመረ ነው። በፊቱ የነበሩትን ሰዎች አልናቀም። የመጀመሪያው ለምን ወደቀ? ሁለተኛው ለምን ማዕበሉን ቻለ፣ ለምን ተቃጠለ? ከሁለቱም ተማረ። ማማውን ከሥሩ ሰፊ ሆኖ ወደ ላይ እንደሚቀጥን የባሉጥ ዛፍ አሰበው። ድንጋዮቹን እርስ በርስ እንደ ጥርስ እንዲነካከሱ፣ የታችኞቹንም ከአለቱ ጋር እንዲቆላለፉ አድርጎ ጠረባቸው። ውኃ ውስጥ የሚጠነክር ኖራ ሲፈልግም ከየአካባቢው የኖራ ድንጋይ አስመጥቶ አንድ በአንድ ፈተነ፤ የሸክላ አፈር የተቀላቀለበት ድንጋይ ውኃ ውስጥ እንደሚጠነክር ደረሰበት። ዛሬ በከረጢት የምንገዛው ሲሚንቶ ከዚያ ዕውቀት ጋር ዝምድና አለው። ማማው በጥቅምት 1759 በራ።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆመ። ከዚያ በትልልቅ ማዕበል መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግንቡ ጤነኛ ነበር። የታመመው ከሥሩ ያለው አለት ነው፤ ባሕሩ ቀስ በቀስ ከጎኑ እየበላ ቦርቡሮታል። ስለዚህ ጄምስ ዳግላስ አጠገቡ ባለው አለት ላይ አራተኛውን ማማ ሠራ፤ በ1882 በራ፣ እስከ ዛሬ አለ። የስሚተን ማማ የላይኛው ክፍል ድንጋይ በድንጋይ ተፈትቶ ፕሊመዝ ከተማ ላይ እንደገና ተተከለ። የታችኛው ጉቶ ግን እዚያው ባሕሩ መካከል ቀረ፤ ከአዲሱ ማማ ጎን ይታያል።

ይህን የማነሣው አንድ ዕዳ ስላለብኝ ነው። ወጣት ሳለሁ በአንድ ወንዝ ላይ የድልድይ ምሰሶ መሠረት እንዳስጀምር ተላክሁ። የአፈር ምርመራ ወረቀት ነበረኝ። መሰርሰሪያው ሦስት ሜትር ገብቶ ጠንካራ አለት አግኝቷል፣ ይበቃል ይላል። ወንዙ ዳር የሚያርሱ አንድ አዛውንት በየቀኑ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን «ልጄ፣ ይህ ድንጋይ በአያቴ ጊዜ እዚህ አልነበረም» አሉኝ። በአክብሮት ሰማኋቸው፣ ሰላምታ ሰጥቼ ወረቀቴን አመንኩ። ነሐሴ ላይ ደራሽ መጣ። ውኃው ሲጎድል ያ «አለት» ጎኑ ተቦርቡሮ አዘንብሏል። ከላይ ተራራ ላይ ጎርፍ አንከባሎ ያመጣው፣ የቤት ያህል ቋጥኝ ነበር፤ ከሥሩ አሸዋ ነው። ምሰሶው ገና ስላልተነሣ ማንም አልተጎዳም። አንድ የበጋ ወቅት ሥራ ግን ባከነ።

የሴን ደሴት ዓሣ አጥማጆች አር-መንን ሊበሱት የቻሉት መቼ እንደሚታይ፣ ማዕበሉ ከየት እንደሚመጣ በዕድሜ ልክ ስለሚያውቁ ነው። እኔ ግን እንዲህ የሚያውቅ ሰው በየቀኑ አጠገቤ ቆሞ ሳለ አልጠየቅኩትም። ጥፋቱ የመሰርሰሪያው ሠራተኞች ነው ብዬ ለመጻፍ ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ አስቀመጥኩት።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ቃል ስፈልግ ባለቤታቸው ቡና አፈሉ። አዛውንቱ ስለ ቋጥኙ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ሦስተኛውን ጠጥተን ስንጨርስ ዱላቸውን አነሡና ወደ ወንዙ ወረድን። ከቀድሞው ቦታ ሽቅብ ሰባ እርምጃ ያህል ሄደው ቆሙ፤ «አባቴም ከዚህ ነበር ከብት የሚያሻግረው» ብለው ዱላቸውን አለቱ ላይ ሁለት ጊዜ መቱት።