ርካሹ ስኮፕ ያዋጣል? ስለ ጠመንጃ መነጽር የጠየቃችሁኝና መልሴ

ባለፈው ሳምንት «ስለ ጠመንጃ መነጽር የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኞቻችሁ ኮሎራዶ፣ ሚኒሶታና ቴክሳስ ሆናችሁ ለዘንድሮው አደን የምትዘጋጁ ናችሁ። አስቀድሜ ልናገር፤ ነጋዴ አይደለሁም፣ የሚከፍለኝም የለም። ኮሎራዶ ውስጥ 14 ዓመት ያደንኩ፣ ቅዳሜን ተኩስ ሜዳ የማሳልፍ፣ ብዙ ስኮፕ የገዛሁ፣ ጥቂቱንም የሰበርኩ ሰው ነኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሱቅ ሄጄ የ100 ዶላሩንና የ1,500 ዶላሩን አይቼባቸዋለሁ። እውነት ለመናገር ልዩነቱ አልታየኝም። ገንዘቡ የት ነው የሚገባው?

ሱቅ ውስጥ እኔም አይታየኝም። በመብራት፣ ከመደርደሪያ ማዶ የተሰቀለ ማስታወቂያ ስታነብ ሁሉም ጥሩ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ያህል ብርሃን መልሶ ይተፋል፤ ስኮፕ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሌንስ አለ። ይህን የሚያስቀረውን ቅብ የጀርመኑ የሌንስ ፋብሪካ የዛይስ ሠራተኛ አሌክሳንደር ስማኩላ በ1935 እ.ኤ.አ. ፈለሰፈው። ያኔ ምስጢር ነበር፤ ዛሬ ርካሹም ተቀብቶ ነው የሚመጣው።

ገንዘቡ የሚገባው የማይታየው ቦታ ነው። ከውጭ በምታየው ቱቦ ውስጥ ሌላ ትንሽ ቱቦ አለ። ከላይና ከጎን ያለውን የማስተካከያ ቁልፍ ስታዞር ብሎኑ ያን ቱቦ ከአንድ ወገን ይገፋዋል፤ ከሌላው ወገን ሞላ ይመልሰዋል። በቃ፣ ስኮፕ ማለት ይኸው ነው። ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ በተራገጠ ቁጥር ያ ቱቦ ከቦታው መነቃነቅ ይፈልጋል። ሞላው ደካማ ከሆነ፣ የብሎኑ ጥርስ ሸካራ ከሆነ፣ ሌንሱ በማጣበቂያ ብቻ ከተያዘ፣ ኢላማህ ቀስ እያለ ይሸሻል። በመነጽሩ ስታይ ግን ሁሉም ጥርት ያለ ነው። የርካሽ ስኮፕ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሲበላሽ አይነግርህም።

ጥያቄ፦ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የስኮፔ ዜሮ ጠፋብኝ፤ ያስተካከልኩት ኢላማ ሸሸ ማለቴ ነው። 180 ዶላር ነው የገዛሁት። ልጣለው?

ቆይ፣ አትጣለው። መጀመሪያ መያዣውን፣ ማለትም ስኮፑን አቅፈው የሚይዙትን ቀለበቶችና ከሥራቸው ያለውን መሠረት ተመልከት። እኔም አንድ ጊዜ ስኮፑን ረግሜ፣ አሽጌ ለፋብሪካው መልሼ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ምንም እንከን አላገኘንበትም» ከሚል ወረቀት ጋር መጣልኝ። ጥፋቱ ከቀለበቶቹ በታች፣ መሠረቱን ከጠመንጃው ጋር ከሚያስረው ብሎን ነበር። ስኮፑን ካላወረዱ አይታይም። አፈርኩ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ሁሉንም አወርዳለሁ። የብሎኖቹን ዘይት በአልኮል እጠርጋለሁ። ከዚያ የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ ካቻቢቴ አስራለሁ። ቀለበቶቹን ብዙ አምራቾች ከ15 እስከ 18 ኢንች-ፓውንድ ይላሉ፤ የአንተን ከወረቀቱ ላይ እይ። በጉልበት አትሰር። ከመጠን በላይ የታሰረ ቀለበት ቱቦውን ጨፍልቆ ደህናውን ስኮፕ ያበላሻል። በመጨረሻ ከባለቤቴ የጥፍር ቀለም ሰርቄ ከብሎኑ እስከ ቀለበቱ ቀጭን መስመር እቀባለሁ። ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከሸሸ፣ ጥርጥር የሌለውን የጓደኛህን ስኮፕ አስረህ ተኩስ። በእሱ ቀጥ ካለ፣ ያኔ ጥል።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ስኮፕ ደህና መሆኑን ጥይት ሳልጨርስ እንዴት ልፈትን?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጥይቱ ራሱ ተወዷል። ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጠህ እንዳይነቃነቅ እሰረው። 100 ያርድ ላይ ረጅም መስፈሪያ የተሰመረበት ወረቀት ቀጥ አድርገህ ስቀል። ኤምኦኤ የሚባለው የማዕዘን ልኬት በ100 ያርድ 1.047 ኢንች ነው። ቁልፍህ በአንድ ክሊክ ሩብ ኤምኦኤ የሚሄድ ከሆነ፣ 40 ክሊክ ስታዞር በስኮፑ ውስጥ የምታየው የማነጣጠሪያ መስቀል 10 ኢንች ተኩል ያህል መሄድ አለበት። 9 ወይም 12 ከሄደ ቁልፉ ይዋሻል። ከዚያ መልሰው። መጀመሪያ የነበረበት ነጥብ ላይ ልክ ገባ?

መስቀሉ ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ጎን ካፈነገጠ ደግሞ ወይ ስኮፑ አዘንብሎ ታስሯል፣ ወይ ውስጡ ጠማማ ነው።

ይህ ግን ርግጫን አይፈትንም። ለዚያ ተኩሰህ፣ መኪና ላይ ጭነህ፣ የኮሮኮንች መንገድ አስበልተህ፣ በሳምንቱ መልሰህ ሦስት ጥይት መተኮስ ነው።

ጥያቄ፦ ለልጄ የአየር ጠመንጃ ገዛሁ። ለእሱማ ርካሹ ይበቃል አይደል?

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ትንሿን ጥይት ለሚተኩሰው .22 ጠመንጃ ይበቃል፤ አይራገጥም ማለት ይቻላል። በሞላ የሚሠራው የአየር ጠመንጃ ግን ሌላ ጉድ ነው። መጀመሪያ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ውስጡ ያለው ፒስተን ሄዶ ሲጋጭ ደግሞ ወደ ፊት ይነጥራል። ብዙ ስኮፕ የተሠራው ወደ ኋላ የሚመጣውን ርግጫ ብቻ እንዲችል ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ለአየር ጠመንጃ ተብሎ ካልተጻፈ አትግዛ፤ ውዱም ቢሆን።

ጥያቄ፦ በ120 ዶላር 6-24x50፣ መብራት ያለው አገኘሁ። 3-9x40 ደግሞ 300 ይሉኛል። እንዴት ነው ነገሩ?

300 የሚሉህን ግዛ። (ለማያውቅ፦ የፊተኞቹ ቁጥሮች ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ የመጨረሻው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራሉ።) በ120 ዶላር ያን ሁሉ ጌጥ ከሰጡህ፣ ከሆነ ቦታ ቀንሰው ነው፤ የቀነሱትም ከውስጡ ሞላ ነው።

ደግሞም 24 እጥፍ ለአጋዘን ምን ያደርግልሃል? 50ን ለ24 አካፍለው። ወደ ዓይንህ የሚገባው የብርሃን ቀዳዳ 2 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ሲመሽ የዓይንህ ብሌን 5፣ በወጣትነትህ እስከ 7 ሚሊሜትር ይከፈታል፤ ስለዚህ በ2 ሚሊሜትር ይጨልምብሃል። 3-9x40ን 6 ላይ አድርገው፤ ወደ 7 ሚሊሜትር ይጠጋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ውዱ ጭራሽ አያስፈልግም?

አላልኩም። ኮሎራዶ ውስጥ ከፀሐይ መውጣት ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ፣ ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ማደን ይፈቀዳል። አጋዘን የሚንቀሳቀሰው በዚያች ደብዛዛ ሰዓት ነው። ያኔ እንደ ስዋሮቭስኪ ወይም ዛይስ ያለ ውድ ስኮፕ የያዘ ሰው ቅርንጫፉን ከቀንዱ ይለያል፤ አንተ ጥቁር ነገር ታያለህ። ጠመንጃህ እንደ .300 ዊን ማግ (ትልቅ ጥይት የሚተኩስ) ያለ ሀይለኛ ራጋጭ ከሆነም፣ ቁልፍ እያዞሩ 600 ያርድ ለሚተኩስም፣ ውዱ ዋጋ አለው። ከጥድ ጫካ ውስጥ 150 ያርድ ለሚተኩስ ግን አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ጉም ያዘብኝ፤ ውስጡ ነው መሰለኝ።

ጠርገኸው ከለቀቀ ውጩ ነው። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስታስገባው ወይም ስትተነፍስበት ያደርገዋል። ካልለቀቀ ስኮፑን የሚያሽገው ጎሚኒ አልቋል። ፋብሪካ ውስጥ አየሩን አውጥተው ናይትሮጅን ወይም አርጎን ይሞሉታል፤ እሱ ወጥቶ እርጥብ አየር ገብቷል ማለት ነው። ቤት ውስጥ የሚጠገን አይደለም፤ ላከው።

ጥያቄ፦ ቮርቴክስና ሉፖልድ የተባሉት ስኮፕ ሠሪዎች የዕድሜ ልክ ዋስትና አላቸው። ከተበላሸ ይቀይሩልኛል፣ ታዲያ ምን አስጨነቀኝ?

ዋስትናው እውነት ነው። ግን ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ (ትልቁ የአጋዘን ዓይነት) በጠመንጃ የሚታደንበት የመጀመሪያው ወቅት 5 ቀን ገደማ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ተራራው ጫፍ ቢበላሽብህ ፖስታ ቤት ልትፈልግ ነው?

ጥያቄ፦ ለባለቤቴ ስጦታ ነው። 500 ዶላር አለኝ። ስለ ጠመንጃ ምንም አላውቅም።

እህቴ፣ ከ300 እስከ 350 ለቀላል 3-9x40፣ ወደ 60 ለጥሩ ቀለበት፣ የቀረውን ለጥይት። ቀለበቱን ከመግዛትሽ በፊት የቱቦው ውፍረት 1 ኢንች ይሁን 30 ሚሊሜትር ጠይቂ፤ አይገጣጠሙም። ደረሰኙን አትጣዪ። ኢንተርኔት ላይ በግማሽ ዋጋ ካየሽው ደግሞ እለፊው፤ አስመስለው የተሠሩ ሞልተዋል።

ጥያቄ፦ ጎንደር ላለው ወንድሜ በሰው ብልክስ?

ተው። የጠመንጃ ስኮፕ ከአሜሪካ ሲወጣ የኤክስፖርት ቁጥጥር ያለበት ዕቃ ነው። አገር ቤት ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ዕቃ የሚያደርስልህን ምስኪን ሰው ቦሌ ላይ አታስይዘው። ማየት ብቻ ከፈለገ ተራ የሁለት ዓይን መነጽር አለ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ከርዕሱ ውጭ ነው። የኤልክ ሥጋ ለእኛ ይበላል?

ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል። የቀረውን የንስሐ አባትህን ጠይቅ። ጥብሱ ግን ስብ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል፤ ቅቤ ጨምርበት። ጥሬ ክትፎ እንዳታስብ።