መራራነቱ በዝቶ መዓዛው የጠፋ ፔል ኤል

ጥያቄ፦ ፔል ኤል ቢራ ከብቅል ጀምሬ በቤቴ እጠምቃለሁ። ለ20 ሊትር 4.5 ኪሎ የተፈጨ የገብስ ብቅልና ካስኬድ የተባለውን ሆፕስ (ለቢራ መራራነትና መዓዛ የሚሰጥ የተክል አበባ) 90 ግራም እጠቀማለሁ፤ ሆፕሱንም ድስቱ መፍላት እንደጀመረ በሙሉ ጨምሬ ለአንድ ሰዓት አፈላዋለሁ። ቢራው ምላስ የሚይዝ መራራ ይሆናል፤ የጠበቅሁት የሎሚና የአበባ መዓዛ ግን የለውም። የሆፕሱን መጠን ልጨምር?

መልስ፦ ለጊዜው አይጨምሩ፤ መጀመሪያ የሚጨምሩበትን ሰዓት ይለውጡ። መራራነቱ የሚመጣው አልፋ አሲድ ከሚባሉት ውህዶች ሲሆን፣ እነዚህ በብቅሉ ጭማቂ ውስጥ በደንብ የሚሟሙት ለረጅም ጊዜ ፈልተው የኬሚካል ቅርጻቸው ሲለወጥ ነው። መዓዛው በአንጻሩ በቀላሉ በሚተኑ ዘይቶች ውስጥ ስለሚገኝ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፤ ሲያፈሉ ወጥ ቤትዎን የሚያውደው ሽታ ከቢራዎ ላይ የተቀነሰ ነው።

ስለዚህ በመፍላቱ መጀመሪያ 30 ግራም ብቻ ያስገቡ። እሳቱን አጥፍተው ጭማቂው ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ሌላ 30 ግራም ጨምረው 20 ደቂቃ ያህል ያቆዩትና ሳይዘገዩ ያቀዝቅዙት፤ በዚህ ሙቀት አልፋ አሲዱ የሚለወጠው በጣም በዝግታ ስለሆነ የሚታከለው መራራነት ጥቂት ነው። የቀረውን 30 ግራም መብላላቱ ካበቃ በኋላ ቢራው ውስጥ ነክረው ለ3 ቀናት ይተዉት። መዓዛው አሁንም ካነሰዎት የሚጨምሩት በዚህኛው ላይ ነው፤ እስከ 60 ግራም ቢያደርሱት አይበዛም። ካስኬድ እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ለአብቃዮች ከተለቀቀ ጀምሮ የሚፈለገው በመዓዛው በመሆኑ፣ በሙሉ ለአንድ ሰዓት ማፍላቱ በእኔ ግምት ብክነት ነው። መራራነቱን እንደ ማግነም ካለ አልፋ አሲዱ ከፍ ያለ ዝርያ በጥቂት ግራም ማግኘት ይቻላል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሳይፈላ የሚነከረው ሆፕስ በውስጡ ያሉት ኤንዛይሞች እርሾው ሊበላው ያልቻለውን የብቅል ቅሪት ወደ ስኳር ስለሚሰባብሩት፣ ያበቃ የመሰለው መብላላት ሊቀሰቀስ ይችላል። በዚህ መካከል የታሸገ ጠርሙስ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ሆፕሱን ካወጡ በኋላ በሃይድሮሜትር (በቢራው የቀረውን ስኳር በሚያመለክት መለኪያ) ለክተው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደግመው ሲለኩት ቁጥሩ ካልተለወጠ ብቻ በሊትር 6 ግራም ያህል ስኳር ጨምረው ያሽጉ።

ሲቀዱም ቢራውን ከላይ አያንቆርቁሩት። ቱቦው ጠርሙሱ ታች ድረስ ይግባ፤ ኦክስጅን የገባበት ፔል ኤል መዓዛው በሳምንታት ውስጥ ይደበዝዛል፣ መልኩም ይጠቁራል። ጠርሙሱ ቡናማ ቢሆን ይመረጣል፤ ብርሃን የሆፕሱን መራራ ውህዶች ሰባብሮ ደስ የማይል ሽታ ያመጣልና።

ስለ ብቅሉ የሚባል ብዙ የለም፤ በ66 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት በውሃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል። ጠርሙሶቹ ጋዝ እስኪይዙ ሁለት ሳምንት ያህል በክፍል ሙቀት ከቆዩ በኋላ ፍሪጅ ይግቡ፤ ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ሳይቆይ ቢጠጣ ይሻላል።