ሳል ሲመጣ ትራሱ የት ነው?

ጥያቄ፦ አባታችን ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሁለት ቀናቸው ነው። ማስታገሻ እየወሰዱም ሲያስሉና ከአልጋ ሲነሱ ያማቸዋል፤ ሌሊት ደግሞ ይጨነቃሉ። ከመድኃኒቱ ሌላ በምን እናግዛቸው?

መልስ፦ ሕመሙን ፈርተው ሳላቸውን እንዳያፍኑ። አክታ ሳንባ ውስጥ ሲጠራቀም ለሳንባ ምች ያጋልጣል። ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው፣ ትንሽ ትራስ ወይም የታጠፈ ፎጣ ቁስሉ ላይ በሁለት እጃቸው ጠበቅ አድርገው ይያዙ፤ አየር በደንብ ስበው ከዚያ ይሳሉ። ብዙ ሰው ትራሱን የሚፈልገው ሳሉ ከመጣ በኋላ ነው፤ ያኔ ስፌቱ ተወጥሯል። ስለዚህ ትራሱ ከእጃቸው አይራቅ።

ሲነሱ እጃቸውን ይዛችሁ አትጎትቷቸው፤ የሆድ ጡንቻቸው በሙሉ ይወጠራል። ትከሻና ዳሌያቸው አብረው እየዞሩ በጎናቸው ይተኙ፤ እግራቸውን ከአልጋው እያወረዱ በክርናቸው ገፍተው ይነሱ። ማስታገሻው መሥራት ሲጀምር ቢሆን ይመረጣል።

ለሌሊቱ፣ 4 ሰከንድ በአፍንጫ ማስገባት፣ 6 ሰከንድ በአፍ ማውጣት፣ ለ5 ደቂቃ ያህል። «አይጨነቁ» ከማለት አብሯችሁ መተንፈስ ይሻላል። ካዞራቸው አየሩን እያበዙ ስለሆነ ቀለል ያድርጉት።

ሕመሙ በድንገት ከባሰ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቁስሉ ከቀላና መግል ከያዘ ግን ወዲያው ለነርሷ ንገሩ።