መልስ፦ ከጭቃ የሠራሁት ጀበና ሳቃጥለው ለምን ይፈነዳል? ጥቁረቱስ ለምን ይዥጎረጎራል?

እሳቱ ገና ሳይበረታ "ቷ" ብሎ ከፈነዳብሽ ጥፋቱ የአፈሩ ሳይሆን የውሃው ነው። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ነበር። ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲያልፍ ውሃው እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ካጣ ሸክላውን ገንጥሎ ይወጣል። ጀበና ላይ ወፍራሙ ቦታ አንገቱ የተቀጠለበት ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው እዚያው ነው።

1. ጉንጭሽ ላይ አስጠጊው። ከቀዘቀዘሽ ገና አልደረቀም። በባሕር ዳር ክረምት ሁለት ሳምንትም ላይበቃው ይችላል።
2. ጭቃውን ስታቦኪ የተወቀጠና የተነፋ ገል ጨምሪበት። እኔ ለ4 እጅ አፈር 1 እጅ አደርጋለሁ።
3. ኩበቱን ከመለኮስሽ በፊት ፍም ዳር እያገላበጥሽ አሙቂው። አትቸኩዪ።

ጥቁሩ የተዥጎረጎረው አየር ስለገባበት ነው። ጥቁረቱ ቀለም ሳይሆን ሸክላው የጠጣው ጭስ ነው። ፍም መስሎ እንደቀላ በረጅም እንጨት አውጪና ገለባ ውስጥ ቅበሪው። በርሜል ድፊበት፤ ጠርዙን በአመድ ድፈኚ። እስኪቀዘቅዝ አትክፈቺው፣ ብትጓጊም።

እኔ አንዴ በገለባ ፈንታ ከጣና ዳር የተለቀመ እምቦጭ አረም አድርቄ ሞከርኩ (ለአንድ ነገር እንኳን ይጥቀመን ብዬ)። ቅጠሉ ያረፈበት ቦታ ጥላ የመሰለ ምልክት ቀረ። ሆን ብዬ ልድገመው ብል እምቢ አለኝ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ ከሰዓት በኋላ አታቃጥዪ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ እሳቱን በአንድ ጎን ያነደዋል። እኔ እንደዚያ አድርጌ ከአምስት ጀበና ሦስቱ ከቂጣቸው እስከ አፋቸው ተሰነጠቁብኝ። አሁን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው የምለኩሰው።