ይርጋውን ያነሣሁት እኔ ነኝ

ባለፈው ወር እዚሁ ባሕር ዳር ለሕግ ተማሪዎች የጠበቃነት ልምዴን እንዳካፍል ተጠርቼ ነበር። ንግግሬን ጨርሼ ልነሣ ስል ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «በመዝናኛ ቦታ የሚሽከረከር መጫወቻ ተበላሽቶ ሕፃን ቢጎዳ የሚጠየቀው ማን ነው? ባለቤቱ፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ወይስ ፈቃድ የሰጠው መሥሪያ ቤት?» አለች። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥሮች ደርድሬ መለስሁላት፤ አጨበጨቡልኝ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለእርሷ ያልነገርኋትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ነገሩ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። የጥምቀት ሰሞን አንድ ሰው ሐይቁ ዳር በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ወንበሮች ያሉት፣ በሞተር የሚዞር መጫወቻ ተክሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ሰዉ ግጥም ባለበት ሰዓት፣ አንዱ ወንበር ከነሰንሰለቱ ተገንጥሎ ወደቀ። የተቀመጠችበት የስምንት ዓመት ልጅ ቀኝ እጇ ከብረቱ ሥር ገባ። ሦስት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላትም ጣቶቿ አልታጠፉላትም።

ባለቤቱ ደንበኛዬ ነበር። በሳምንቱ አብሬው ሄጄ ማሽኑን አየሁት። ወንበሩን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው ቡሎን መሆን ሲገባው በቦታው የገባው ከግንባታ የተረፈ የፌሮ ቁራጭ ነበር፤ ጫፉ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ታጥፏል። የቀሩትን ወንበሮች አንድ በአንድ እየዞርሁ አየኋቸው። አራቱ እንደዚያው ነበሩ። «ቡሎኑ እስኪመጣ በዓሉ ሊያልፍብኝ ሆነ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጅቷን ተሸክሞ ሆስፒታል ያደረሳት እርሱ ነው።

እናትየዋ ጠላ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ነበረች። ሽማግሌዎች ገቡ። ደንበኛዬ የመጀመሪያውን ሕክምና ከፈለ፤ ለቀረው ዛሬ ነገ ሲባል፣ ከፋሲካ ወደ መስከረም ሲገፋ፣ ሁለት ክረምት አለፈ። ክሷ ሬጅስትራር ሲደርስ ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ከአሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር።

በፍሬ ነገሩ መከራከሪያ አልነበረኝም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ማሽን ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ 2086 ደግሞ «ጥፋት የለብኝም» ብሎ እንዲያመልጥ አይፈቅድለትም። የቀረኝ 2143 ነበር፤ የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም በጊዜ ማለፍ፣ ይታገዳል። ተከሳሹ ካላነሣው ፍርድ ቤት ይርጋን በራሱ አያነሣም። ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ መቃወሚያዬ ሁለት ገጽ እንኳ አልሞላም።

እስከዚህ ያለው የጠበቃ ሥራ ነው። ይርጋ በሕግ የተፈቀደ መከላከያ ነው፤ ደንበኛውን አሳልፎ የሚሰጥ ጠበቃም ጠበቃ አይደለም። እንቅልፍ የሚነሣኝ የዚያው የ2143 ሁለተኛ ንዑስ ቁጥር ነው። ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከሁለት ዓመት የሚረዝም ከሆነ የካሳውም ክስ በረዘመው ጊዜ ይታያል። በቸልተኝነት አካል ማጉደል ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 559 ያስቀጣል። እናትየዋ ጠበቃ አልነበራትም። ዳኛው በመቃወሚያው ላይ የምትለው እንዳለ ቢጠይቋት «ልጄን ይዣት መጥቻለሁ፣ እጇን እዩልኝ» አለች። እኔ ሕጉን ጠረጴዛው ላይ ገልጬ፣ ንዑስ ቁጥሩ ላይ መዳፌን ጭኜ ተቀምጬ ነበር።

መዝገቡ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እንግዲህ ወዴት ልሂድ?» አለችኝ። «ይግባኝ ማለት ይችላሉ፤ ስልሳ ቀን አለዎት» አልኋት። ይግባኙን በምን ላይ እንደምታቆመው አልነገርኋትም። ስልሳውን ቀን ቆጠርሁ። አልመጣችም።

አጎቴ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በታንኳ እንጨት ያመላልስ ነበር። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ አውጥተው ፀሐይ ካላሰጡት ይሰጥማል። አጎቴ ውኃ በጠጣ ታንኳ ሰው አይጭንም። የገበያ ቀን ሴቶች ዳር ላይ ቆመው ሲለምኑት በእጁ ደንገሉን ጨመቅ አድርጎ ውኃ ሲወጣ ያሳያቸውና ፊቱን ያዞራል። ማንም አላዘዘውም። ያንን እጅ እያየሁ አድጌ ነው የፌሮውን ቁራጭ አይቼ ዝም ያልሁት።

ደንበኛዬን አስቀምጬ «ክፈልና ታረቅ፤ አራቱንም ፌሮ ዛሬውኑ አስወጣ» ልለው እችል ነበር። አሳልፌ መስጠት አይሆንም ነበር። አላልሁትም።

የዛሬ ልጆች ንዑስ ቁጥር አታነቡም። በስልካችሁ የመጀመሪያውን መስመር ታዩና ክስ ትጽፋላችሁ፤ ይህ ያናድደኛል። ደግሞም ያን ቀን አንድ ልጅ በስልኩ ያንን ፌሮ ፎቶ አንሥቶት ቢሆን ኖሮ እላለሁ። አደጋ ደረሰ ሲባል መጀመሪያ ቦታው ላይ ተገኙ፤ ብረቱ ከመቀየሩ በፊት። ሽምግልና ከመጣ ክሱን አስገብታችሁ ታረቁ። የሽማግሌ ቀጠሮ ይርጋን ያቆማል ብሎ ማን እንዳስተማራችሁ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በአውስትራሊያ ድሪምዎርልድ በተባለው መዝናኛ በውኃ ላይ በሚሄድ መጫወቻ አራት ሰዎች ሞተዋል። የውኃ ፓምፑ በዚያው ቀን ቀደም ብሎ ቆሞ ነበር፤ አስነሥተውት ሥራው ቀጠለ። ድርጅቱ ጥፋቱን አምኖ በ2020 3.6 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጣ። እኔ ገንዘቡን አይደለም የማስበው፤ ፓምፑ እንዴት እንደቆመ በአደባባይ መነገሩን ነው። በእኔ መዝገብ ውስጥ ስለ ፌሮው አንድም ቃል የለም።

ልጄ፣ ጥያቄሽን በጎደለ መልስ ነው ያለፍሁት። ባለቤቱ በማሽኑ፣ ሠራተኛው በቸልተኝነቱ ይጠየቃሉ። ሳያይ ፈቃድ የፈረመ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ በቁጥር 2126 መንግሥትንም መክሰስ ይቻላል። ባለፈው እሑድ ሐይቁ ዳር ወርጄ አንድ መጫወቻ አጠገብ ቆምሁ። የሚያንቀሳቅሰው ወጣት ተቆጣጣሪ መስዬው የወንበሮቹን ማያያዣ ሁሉ አሳየኝ። ቡሎን ነው፣ ባለ ሁለት ዳዶ። መቼ መቼ እንደሚፈተሽ የሚጻፍበት ደብተር እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። የለም አለኝ።