«አልፈልገውም» በፈረንሳይኛ ስንት ቃል ነው?

ውድ ጠያቂ፣ ፈረንሳይኛ ለሦስት ወራት ተምረው ብዙ ቃላት ቢይዙም ዓረፍተ ነገር ለመሥራት ሲነሡ ቃላቱ እንደሚዘበራረቁብዎ ጽፈዋል። እኔም የፈረንሳይ ከተማ ወደሆነችው ልዮን በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት የደረሰብኝ ይኸው ስለነበር፣ የጠቀመኝን መንገድ ላካፍልዎ።

ችግሩ ከቃላት ማነስ ይልቅ ከአማርኛችን ግሥ ጠባይ የሚመጣ ይመስለኛል። እኛ «አልፈልገውም» ስንል ባለቤቱን፣ አሉታውን፣ ድርጊቱንና ተሳቢውን በአንድ ቃል ቋጥረን እንናገራለን፤ ፈረንሳይኛ ግን ይህንኑ ቋጠሮ ፈትቶ «ዠ ነ ለ ቨ ፓ» በማለት በአምስት ቃላት ይዘረዝረዋል። «ዠ» እኔ፣ «ለ» እሱን፣ «ቨ» እፈልጋለሁ ማለት ሲሆን፣ «ነ» እና «ፓ» ደግሞ ልክ እንደ እኛ «አል» እና «ም» ግሡን ከፊትና ከኋላ ያቅፉታል። ይህን መመሳሰል ካስተዋልሁ ወዲህ አሉታ አስቸግሮኝ አያውቅም።

ባለቤቱን ፈጽሞ አይጣሉት። በአማርኛ «ይናገራል» ካልን «እሱ» ማለት አያስፈልገንም፤ በፈረንሳይኛ ግን «ዠ ፓርል» (እናገራለሁ)፣ «ቱ ፓርል» (ትናገራለህ)፣ «ኢል ፓርል» (ይናገራል) ሲባል ግሡ ለጆሮ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ተናጋሪውን የሚለየው ተውላጠ ስሙ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው የተሳቢው ቦታ ነው። አንድ ጊዜ ዳቦ ቤት ገብቼ፣ በአማርኛ ሥርዓት አስቤ «ዠ ዱ ፓን ቨ» ብዬ፣ ሻጯ ሦስት ጊዜ አስደግማኛለች። ትክክሉ «ዠ ቨ ዱ ፓን» (ዳቦ እፈልጋለሁ) ነው፤ በትሕትና ሲጠየቅ ደግሞ «ዠ ቩድሬ ዱ ፓን» ይባላል። ስሙ ራሱ ሲጠራ ከግሡ በኋላ ይመጣል፤ በ«ለ» (እሱን) ወይም በ«ላ» (እሷን) ሲተካ ግን ወደ ግሡ ፊት ይዘላል። «ራበኝ» ለማለትም «ዤ ፋን»፣ ማለትም «ረሀብ አለኝ» እንደሚባል ከአሁኑ ይያዙት።

እኔ በየማታው እንደ «አያታለሁ» እና «አልበላውም» ያሉ አምስት የአማርኛ ግሦችን እየወሰድሁ «ዠ ላ ቯ»፣ «ዠ ነ ለ ማንዥ ፓ» እያልሁ እፈታቸው ነበር። ሰዎች ሲያወሩ «ነ»ን ትተው «ዠ ለ ማንዥ ፓ» ሲሉ ቢሰሙ አይደናገጡ፤ በንግግር የተለመደ ነው፤ በጽሑፍና በፈተና ላይ ግን እርስዎ እንዳይተዉት።